ሁለት ችሎት በአንድ ሰዓት

ጠበቃው በፍርድ ቤቱ ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቀው በእውነተኛ ስሙ አልነበረም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ ቢሮም ይሁን፣ መንገድ ላይም ይሁን፣ ገና ቤቱ ሆኖ ጫማውን እያሰረም ይሁን፣ የሚመልሰው አንድ መልስ ስለነበር «ጋሽ ደረስኩ» ብለው ሰየሙት። ሰምቶታል፤ አልተቀየመም። ሠላሳ አንድ ዓመት በጥብቅና የኖረ፣ ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ አንደበቱ የተባ፣ ለተቸገረ የሚራራ ሰው ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የትም ቢገኝ በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ ይጠበቃል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ጧት ሲወጣ ባለቤቱ «ስንት ሰዓት ትመጣለህ?» ብላ መጠየቅ ካቆመች ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጥቁር ካባውን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ሦስት መዝገብ ደረቱ ላይ አቅፎ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ከላይ ከምትወርድ ሴት ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈ። ቀና ሲል አወቃት። ከስምንት ዓመት በፊት እሱ ቢሮ ተለማማጅ የነበረች፣ ዛሬ የራሷን ቢሮ የከፈተች ጠበቃ ናት። ሊከራከርበት እየሮጠ በሚሄድበት ጉዳይም የተቃራኒው ወገን ጠበቃ እሷው ነበረች።

«ደረስኩ!» አላት እያለከለከ። «ተጠራን እንዴ?»

«ጨርሰን ወጣን፣ ጋሼ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እንዴት ትጨርሳላችሁ? ቀጠሮው አራት ተኩል አይደለም?»

«ሦስት ተኩል ነበር። ዳኛዋ እስከ አራት ጠበቁዎት። ከዚያ ደንበኛዎን ራሷን ጠየቋት።»

«ሦስት ተኩልማ የወንጀል ችሎት ነበረኝ!» አለና ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ነገሩ ገባው። እዚያው ደረጃ ላይ መዝገቦቹን እንዳቀፈ ቆመ።

ጉዳዩ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር። ሴትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ስድስት የስፌት መኪና ተክላ፣ አራት ሠራተኞች ይዛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የሕንፃው ባለቤት «የውል ማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ፤ ሱቁን ትልቀቅልኝ» ብሎ ከሰሳት። ጋሽ ደረስኩ በመልሱ ላይ «ማስጠንቀቂያው ለደንበኛዬ አልደረሳትም» ብሎ ጽፏል። ይህን የጻፈው በአንድ ምሳ ሰዓት ነው። ደርሷት እንደሆነ የጠየቃት በስልክ ሲሆን፣ እሷ በመኪናዎቹ ጩኸት መሀል «ምን አሉኝ?» ስትል እሱ «እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» ብሎ ዘግቶታል። እንግዲህ በዚያ ጠዋት ዳኛዋ «ማስጠንቀቂያው ደርሶዎታል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሴትየዋ ጠበቃዋ ምን ብሎ እንደጻፈ ሳታውቅ፣ «አዎ፣ አንድ ወረቀት ለሠራተኛዬ ሰጥተዋት ነበር፤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ» ብላ እውነቱን ተናገረች። ቃሏ ተመዘገበ። ለሦስት ሳምንት ተቀጠረ።

«አንቺስ?» አላት ጋሽ ደረስኩ፣ ፊቱ እየቀላ። «እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ቆመሽ አየሽ?»

«እኔም ደንበኛ አለኝ፣ ጋሼ። ችሎት ውስጥ የማንም ወዳጅ አትሁኚ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እሷም እንዲያ ቆሞ ልትተወው አልሆነላትምና «ኑ፣ ሻይ ልጋብዝዎት» ብላ ይዛው ወረደች።

በፍርድ ቤቱ ግቢ ባለችው ጠባብ ሻይ ቤት፣ መስኮቱ ስር ሁለት ወንበር አገኙ።

«አንቺ የምትሄጂበት የለሽም?» አላት።

«የሚቀጥለው ችሎቴ አምስት ተኩል ነው። እስከዚያ ነፃ ነኝ።»

«ነፃ?» ብሎ ቃሉን እንደ ባዕድ ቋንቋ ደገመው።

«ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ እርስዎም አይጠይቁኝ። ስለ ሌላው ግን ቢቆጡኝም ልናገር። ለመሆኑ በአንድ ሰዓት ሁለት ችሎት እንዴት ያዙ?»

ከኪሱ የተጣጠፈች ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «ይኸው፣ የወንጀሉ እዚህ አለ። የልብስ ሰፊዋ ደግሞ...» ገጾቹን ገለባበጠ። «እሱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው መሰለኝ። ሰዓቱንም ከዚያ በቃሌ ይዤው ነበር።»

«ጸሐፊዎስ?»

«እሷ የራሷ ደብተር አላት።»

«ሌላስ?»

ጣቱን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። «ሌላው እዚህ ነው ያለው።»

«እንግዲያው አራት አጀንዳ አለዎት፤ አራቱ ደግሞ አይተዋወቁም።»

ስልኩ ጮኸ። «ደረስኩ፣ ደረስኩ! አሁን መንገድ ላይ ነኝ» አለና ዘጋው።

«ማን ነው?»

«አንድ የድንበር ክርክር ያለበት ሰው። መልሱ ተጻፈ ወይ ይለኛል።»

«ተጽፏል?»

«ስልኩ መቼ ፋታ ሰጥቶኝ እጽፋለሁ!» አለ በምሬት። ወጣቷ ጠበቃ ሻይዋን አማሰለች። ዝምታዋ ግን የገዛ ቃሉን መልሶ አሰማው፤ ስለዚህም ተቆጣ።

«ስሚኝ ልጄ፣ የሕግ ሥራ ዳቦ መጋገር አይደለም፤ ይህን ያህል ደቂቃ ምድጃ ውስጥ ይቆይ አይባልም። ሰው ታስሮ ይደወልልኛል፤ ሚስት ከነልጆቿ ከቤት ተባራ ይደወልልኛል። በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያስጠብቀኛል። ለሦስት ሰዓት ተቀጥሬ ስድስት ሰዓት ላይ ዳኛ አልተሟላም እባላለሁ። ይህንን በምን አጀንዳ ነው የምታስተካክይው?»

«አላስተካክለውም። እውነትዎን ነው፤ ከቀናችን ግማሹ የእኛ አይደለም። ለዚህ ነው እኔ የቀረችውን ግማሽ እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቃት። ጠዋት ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በሬን ዘግቼ እጽፋለሁ፤ ጭንቅላቴ ትኩስ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ችሎት በር ላይ ስጠብቅ ደግሞ ይቺን ይዤ ነው።» ከቦርሳዋ ስስ አቃፊ አወጣች። «ለመፈረም የቀረቡ ደብዳቤዎች፣ ላነበው የፈለግሁት አጭር ውሳኔ። ረጅም ሐሳብ የሚጠይቅ ነገር ኮሪደር ላይ አልሞክርም።»

«ደንበኛ ሲደውልስ? አላነሳም ትያለሽ?»

«ጸሐፊዬ ታነሳለች። ሰው የታሰረ እንደሆነ ታቋርጠኛለች። ሌላውን ትመዘግብና ከምሳ በፊትና አሥር ሰዓት ላይ እኔው እደውልላቸዋለሁ። ስደውል መዝገባቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ ስለሆነ የሚጨበጥ ነገር እነግራቸዋለሁ።»

«አልሸሹሽም?»

«መጀመሪያ ሁለት ሄዱ። አንደኛው ተመልሶ መጣ።»

ጋሽ ደረስኩ ሳይወድ ፈገግ አለ። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ አነሳው፤ «ደረስኩ» አለ። ሲዘጋ ሻዩ በርዶ ነበር።

«የእኔ ጣጣ ከዚህ ይለያል» ቀጠለ። «እኔ ሰው መመለስ አልችልም። የሚመጣው ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ መሄጃ ያጣ ነው። በእኔ ዕድሜ እምቢ ማለት ነውር ነው።»

«እሺ ብሎ አለመምጣትስ?»

ይህችን ጥያቄ በለሆሳስ ነው ያለቻት። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ከተባለው ሁሉ የከበደችው እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ክፉ አይሁንብኝና፣ እርስዎ ሥራ ሲበዛብዎት ደስ የሚልዎት ይመስለኛል። ስልኩ ዝም ያለ ቀን የተረሱ ይመስልዎታል። ይህን የማውቀው እኔም እንዲያው ስለነበርኩ ነው። የራሴን ቢሮ በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሰው የይግባኝ ጊዜ በአንድ ቀን አለፈብኝ። የዚያን ዕለት የት የነበርኩ ይመስልዎታል? ሥራ ላይ። ምሳ እንኳን አልበላሁም። ሰውየው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ስንፍናዬን እተው ነበር፤ ታታሪ ሆኜ ያጠፋሁትን ግን ምን ብዬ ልተወው? ከዚያ ወዲህ የይግባኝ ቀን ሲነገረኝ አጀንዳዬ ላይ የምጽፈው ከአምስት ቀን በፊት ያለውን ቀን ነው። ለእኔ ጊዜው የሚያልቀው ያን ቀን ነው።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ተነሳች። አልተጣደፈችም። ጋሽ ደረስኩ በመስኮቱ በዓይኑ ተከተላት፤ ደረጃውን አንድ አንድ እያለች ነበር የምትወጣው። «ወጣት ስለሆነች ነው፤ ሸክሙ ሲመጣ እናያታለን» አለ ለራሱ። ጥፋቱ የተነገረው ሰው መጀመሪያ ለድካሙ ዋጋ እንዲሰጡለት ይሻል፤ ጋሽ ደረስኩም በዚያ ቀን የቆጠረው የሮጠባቸውን ደረጃዎች ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ልብስ ሰፊዋ ተቀምጣ ጠበቀችው። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ እንደተንጠለጠለ ነበር።

«መዝገቤን እንዲሰጡኝ ነው የመጣሁት» አለችው።

«እትዬ፣ ትናንት የሆነውን ላስረዳዎት...»

«አይድከሙ። ሰዎች እርስዎን ጥሩ ጠበቃ ናቸው ብለውኛል፤ ይሆናሉ። ግን እኔ እዚያ ቆሜ ጠበቃዬ እየመጣ ነው እያልኩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በሩን ሳይ ነበር። ኋላ ዳኛዋ ሲጠይቁኝ የማውቀውን ተናገርኩ። ስወጣ ሰዎች አበላሸሽ አሉኝ። ምኑን ነው ያበላሸሁት?»

«እርስዎ ምንም አላበላሹም» አለ ጋሽ ደረስኩ። ከዚያም ለረጅም ጊዜ ለማንም ብሎት የማያውቀውን ነገር አለ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መልስዎን ሳልሰማ ጻፍኩ፤ በቀጠሮዎም አልተገኘሁም።»

ሴትየዋ ይህን አልጠበቀችም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ መጠቅለል ጀመረች።

«እኔ ዘንድ አንዲት ሙሽራ ብትመጣ» አለች፣ «መጀመሪያ የማየው ጨርቋን አይደለም፤ ቀኗን ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ቀሚስ ይዤ ከሆነ፣ የእኅቴ ልጅ ብትሆንም እገሊት ዘንድ ሂጂ እላታለሁ። ታኮርፋለች። ብታኮርፍ ይሻላል፤ ሰርጓ ቀን አንድ እጅጌ ያልተሰፋለት ቀሚስ ከምሰጣት። እርስዎ ዘንድ ስመጣ ያኔውኑ ሞልቶብኛል ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሌላ እፈልግ ነበር። አልቀየምም ነበር።»

ጋሽ ደረስኩ በዚያች ቅጽበት ተረታ። ከወጣቷ ጠበቃ የሰማውን «የዘመኑ ልጆች ፈሊጥ» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ በእሱ ዕድሜ ያለች፣ በጣቶቿ የምታድር ሴት ያንኑ ስትነግረው ግን ማምለጫ አልነበረውም።

«ሦስት ሳምንት አለን» አላት። «መዝገቡን ቢወስዱ መብትዎ ነው። ቢተዉልኝ ግን ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅዎ መጥቼ፣ መኪናዎቹ ሳይነሱ፣ ያለዎትን ወረቀት ሁሉ ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«ሐሙስ ሁለት ሰዓት» አለች ሴትየዋ ተነስታ። «ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ በር አልከፍትም።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጸሐፊውን ጠራት። አሥራ አራት ዓመት አብራው የሠራች፣ ጠባዩን የምታውቅ ሴት ናት። አንድ ትልቅ አጀንዳ አስገዛና የኪሱን፣ የግድግዳውን፣ የእሷን ደብተር፣ በመጨረሻም ከራሱ ውስጥ እያስታወሰ ያወጣውን ሁሉ እዚያ ላይ ገለበጡ። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ ብቻ ሌሎች ሦስት ግጭቶች ተገኙ፤ አንደኛው በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች፣ ያውም በአንድ ጠዋት።

«ይህ ሁሉ ምን ሊያደርገን ነበር?» አለ ደንግጦ።

«እንደ ወትሮው እንሮጥ ነበራ» አለች ጸሐፊዋ።

የመጀመሪያው ሳምንት አላማረለትም። ረቡዕ ጠዋት በሩን ዘጋ፤ ስልኩን ግን ኪሱ ውስጥ ረሳው። የአጎቱ ልጅ ደወለና «አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅህ» ብሎ አርባ ደቂቃ ወሰደበት፤ በዚያ ላይ አዲስ ክስ አሸክሞት ሄደ። ስልኩን እንደዘጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ በራሱ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ስልኩን ለጸሐፊዋ አስረከበ፤ እሷም መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። ቀኑን ሙሉ እጁ ወደ ባዶ ኪሱ ሲመላለስ ዋለ። አመሻሹ ላይ ለአጎቱ ልጅ ደውሎ «ይህን ጉዳይ እኔ ብይዘው እበድልሃለሁ፤ የሚይዝልህ ሰው ስም ልስጥህ» አለው። የአጎቱ ልጅ ስልኩን ዘጋበት። በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለና «የሰጠኸኝ ሰው ጥሩ ነው» ብሎ አመሰገነ።

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሱቁ በር ላይ ነበር። ሴትየዋ ወረቀቶቿን በብስኩት ቆርቆሮ ነበር የምታኖራቸው። ለፍርድ ቤት ይጠቅማሉ ያለቻቸውን ሰጥታዋለች፤ የቀሩትን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ጋሽ ደረስኩ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበ። ከመኪና ጥገና ወረቀትና ከናሙና ጨርቆች መሀል የሕንፃው ባለቤት የፈረመበት ደብዳቤ ወጣ። «በውላችን መሠረት» ይላል፣ «በሚቀጥለው ዓመት የሕንፃው ፊት ስለሚቀባ የሱቅዎን ምልክት ቀለም መርጠው እንዲያሳውቁን።» ቀኑን አየ። ማስጠንቀቂያው ከተጻፈ ከአራት ወር በኋላ ነው።

«ይህን ለምን አላሳዩኝም?»

«የቀለም ነገር ነዋ! ቢጫ ብያቸው ነበር።»

ማስጠንቀቂያው ደርሷትም ቢሆን፣ ባለቤቱ ራሱ ከአራት ወር በኋላ «ውላችን» ብሎ ስለሚቀጥለው ዓመት ይነጋገራል፤ ውሉን አላቋረጠውም ማለት ነው። ጋሽ ደረስኩ ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ጠዋቶች በሩን ዘግቶ ክርክሩን እንደ አዲስ ጻፈ። በመጀመሪያው መልስ ላይ የሰፈረው ስህተት የደንበኛው ሳይሆን የእሱ መሆኑንም ሳይሸሽግ ጨመረበት።

በቀጠሮው ቀን ከችሎቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ፣ ካባውን ለብሶ ከልብስ ሰፊዋ ጎን ተቀመጠ። የችሎቱ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ዘወር ብሎ አየው። ወጣቷ ጠበቃ ደብዳቤው ዘግይቶ ቀርቧል ስትል ተቃወመች፤ በርትታም ተከራከረች። ዳኛዋ ግን ፊርማው የከሳሹ የራሱ መሆኑን አይተው ተቀበሉት። ከአሥር ቀን በኋላ በተሰጠው ፍርድ ባለቤቱ ውሉን እንዳስቀጠለ ተቆጠረ፤ ልብስ ሰፊዋም ውሉ እስኪያልቅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በሱቋ እንድትቆይ ተወሰነ። ሴትየዋ ለጋሽ ደረስኩ «ኮትዎ ትከሻው ላይ ይሰፋዎታል፤ ማክሰኞ ያምጡት» ብቻ ነው ያለችው።

ወጣቷ ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ እጁን ጨበጠችው።

«ምክርሽ ጎዳሽ» አላት።

«ደንበኛዬን ጎድቶት ይሆናል» አለች እየሳቀች። «ግን ጋሼ፣ ባላንጣዬ ሳይመጣ ከማሸነፍ መጥቶ ቢረታኝ ይሻለኛል። ያኛው ድል ለማንም ተነግሮ አያኮራም።»

ከዚያ ወዲህ የጋሽ ደረስኩ ኑሮ ገነት አልሆነም፤ ዳኛ አሁንም አይሟላም፣ ሰው አሁንም ባልታሰበ ቀን ይታሰራል። ሆኖም ችሎት ላይ ቀጠሮ ሲቆረጥ አጀንዳውን ገልጦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ችሎት አለኝ» ማለት ለመደ፤ ዳኞቹም እንደፈራው አልተቆጡትም፣ ሌላ ሰዓት ሰጡት። ዓርብ ከሰዓት ከጸሐፊዋ ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው የሚመጡትን ሁለት ሳምንታት ያያሉ። በዓመቱ የያዛቸው ጉዳዮች ቁጥር በሲሶ ቀነሰ፤ የረታባቸው ግን በዙ፣ ምክንያቱም መዝገቦቹን አሁን ያነባቸዋል። ደም ግፊቱን የሚከታተለው ሐኪም መድኃኒት ለውጦ እንደሆነ ጠየቀው። ባለቤቱም አንድ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ሲገባ «ምነው፣ አመመህ?» አለችው። «ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት» አላት። ሳህን አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

በዓመቱ መጨረሻ የጠበቆች ማኅበር ለአዲስ ጠበቆች በሚሰጠው ስልጠና ላይ እንዲናገር ጋበዙት። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጽሑፍ አልያዘም።

«ስለ ሕግ አልናገርም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ» ብሎ ጀመረ። «ደንበኛ ጊዜያችሁን አምኖ ነው የሚመጣው። ሌላ ጠበቃ ፍለጋውን ያቆመው እናንተ ስለተገኛችሁለት ነው። ስለዚህ ጊዜ የሌለው ጠበቃ እሺ ሲል፣ ያንን ሰው ከሌላ ረዳት እየከለከለው ነው። እኔ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቸርነት ይመስለኝ ነበር። ቀጠሯችሁን አንድ ቦታ ጻፉ። ማለቂያ ቀን ሲነገራችሁ ለራሳችሁ አሳጥሩት። በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳን ቢሆን በር ዘግታችሁ አንብቡ፤ የምታሸንፉበት ወረቀት ሁልጊዜ ያላነበባችሁት ውስጥ ነው። ሲሞላባችሁ ደግሞ ሞልቶብኛል በሉ። ሰውየው ለጊዜው ቅር ይለዋል፤ ግን ይድናል።»

ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «እምቢ ያልነው ሰው ሌላ ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ቢያሸንፍስ?»

«እሰየው!» አለ ጋሽ ደረስኩ። «ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ?»

የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ነበር። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ የሚለውን ጨርሶ ተቀመጠ።